ስንቁ ከገባ አለ ማለት ነው

ዘመድ ሲታሰር በአገራችን ያለው የመረጃ ሥርዓት ይህን ይመስላል። ምሳ ዕቃ ይዘጋጃል፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይኬዳል፣ የታሳሪው ስም ይጠራል፣ ስንቁ ለተረኛው ይሰጣል። ስንቁ ከገባ ሰውየው እዚያ አለ ማለት ነው። ከተመለሰ የለም፤ ወደ ሌላ ጣቢያ ይኬዳል። ማንም ወረቀት አልጻፈም፣ ማንም አልፈረመም፣ ግን ቤተሰቡ የፈለገውን አወቀ።

እኛ የስልክ ትውልድ ነን። የባንክ ሒሳባችንን፣ የፈተና ውጤታችንን፣ ትናንት ማታ ማን ጎል እንዳገባ ቁጭ ባልንበት እናያለን። ወንድማችን የትኛው ጣቢያ እንዳደረ ለማወቅ ግን አሁንም እንደ አያቶቻችን በምሳ ዕቃ ነው የምንጠይቀው።

የሚያናድደው ደግሞ መልሱ የሚጻፍ ነገር መሆኑ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ያለ መዝገብ አይሠራም። ሰው ሲያዝ ስሙ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ጉዳይ፣ የያዘው ፖሊስ ማንነት መስፈር አለበት። እዚያ መዝገብ ላይ ያለች አንዲት መስመር የአንድ ቤተሰብን የሳምንት ሩጫ ልታስቀር ትችላለች። እኛ ግን ያቺን መስመር ጠይቀን አናውቅም፤ ስንጠይቅም በአፍ ብቻ ነው። የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው፦ የፖሊስ መዝገብ በጽሑፍ ይጠየቅ። ለምን እንደሚጠቅም፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ደግሞ እንደማይሰጥ አብረን እንይ።

በዴሳ ላይ ቆመን ስናየው

በዴሳ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ በስተምሥራቅ። ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ስለሆነች ወሬ ቶሎ ይደርሳል። ወሬ መድረሱ ግን መረጃ ደረሰ ማለት አይደለም።

አንድ የሞተር ሳይክል አሽከርካሪ ማታ ተያዘ እንበል። ያየ ጓደኛው ለታላቅ እህቱ ይደውላል። እህት ለአጎቷ ትደውላለች። አጎት የሚያውቀው አንድ ፖሊስ አለ። ፖሊሱ የዛሬ ተረኛ አይደለም፤ ግን «ጠይቄ እደውላለሁ» ይላል። ሲነጋ እናት ስንቋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«የኔ ልጅ፣ ልጄ እዚህ ነው ወይ?»

«እማማ፣ መርማሪው አልገባም። ነገ ይምጡ።»

ተረኛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምናልባት እውነትም መልስ እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም፤ ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ነው። እናት ግን ስትመለስ «ወደ ሶዶ ሳይወስዱት አይቀሩም» የሚል ወሬ ይጠብቃታል። ሶዶ ደግሞ የዞኑም የክልሉም መንግሥት መቀመጫ የሆነ ትልቅ ከተማ ነው። የቱን በር ታንኳኳ? የመኪና ወጪ አለ፣ የቀረ የገበያ ቀን አለ፣ ተበላሽቶ የተመለሰ ስንቅ አለ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ጆርጅ አከርሎፍ ስለሚባል ምሁር ተነግሮናል። በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገሩ ባጭሩ ሲታይ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል። መኪናም ቤትም ባይሆን፣ የጣቢያ በር ላይም ይኸው ነው። ከውስጥ ያለው ሰው ያውቃል፣ ከውጪ ያለችው እናት አታውቅም። በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ማን እንደሚገባ እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ደላላ። «ጉዳዩን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ሰው አለኝ» የሚለው።

ይህ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ልብ ብላችሁ እዩት። «ልጁ እገሌ ጣቢያ ነው፣ ጉዳዩ እገሌ ይባላል፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው በዚህ ቀን ነው» ይላል። ይህ ሁሉ ምስጢር አይደለም። ከመዝገቡ ተነቦ በነጻ መነገር የነበረበት ነው። መረጃ ሲዘጋ የደላላ ዋጋ ይጨምራል፣ ሲከፈት ይወርዳል። ስለዚህ መዝገብ መጠየቅ የጠበቆችና የጋዜጠኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የድሃ ቤተሰብ የኪስ ጉዳይ ነው።

48ቱ ሰዓት ከመቼ ይቆጠራል?

ስለ እስር የሚያውቅ ሰው ሁሉ 48 ሰዓት የምትለዋን ነገር ያውቃታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ናት። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል፤ ያለመናገር መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው የማይቆጠረው። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል።

ጥሩ። ሰዓቱ ከመቼ ነው የሚጀምረው? ከተያዘበት ደቂቃ። የተያዘበትን ደቂቃ ማን ያውቃል? መዝገቡ። ልጁ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ተይዞ መዝገቡ ላይ «ዓርብ ቀን 6 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ፣ 18 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ቤተሰቡ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በጽሑፍ ጠይቆ ቢሆንስ? የራሱ ማመልከቻ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት፣ ልጁ ከቀን 6 ሰዓት በፊት መያዙን ይመሰክርለታል። በአፍ የጠየቀ ግን ምስክሩ ራሱ ብቻ ነው።

ሰውየው ፍርድ ቤት ከቀረበም በኋላ ወረቀቱ አያበቃም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፖሊስ ምርመራ ለመጨረስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ስንተኛው ቀጠሮ ነው፣ ባለፈው ምን ተሠራ ተብሎ የተፈቀደ ነው የሚለውን ለመከታተል የመዝገብ ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል። ቁጥሩን የያዘ ዘመድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዶ ቀጠሮ ይጠይቃል። ያልያዘ ዘመድ ግቢው ውስጥ ስም ሲጠራ ቆሞ ይሰማል።

አሁን ደግሞ በጣም የምትቆረቁረኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሰው ያለ አግባብ ተይዞ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ «አካልን ነጻ የማውጣት» የሚባል አቤቱታ አለ። ሕገ መንግሥቱም ይህንን መብት ያውቀዋል፤ ሥርዓቱ ደግሞ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተቀምጧል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ የታሰረውን ሰው ስም፣ እንዴትና የት እንደተያዘ፣ ይህን የሚያውቁ ሰዎችን ስም ይጠቅሳል። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን የያዘው አካል ይዞት እንዲቀርብ ያዝዛል። ልብ በሉ፦ ሕጉ «የት እንደተያዘ ጻፉ» ይላል። የት እንዳለ ያላወቀች እናት ምን ትጽፋለች? ትልቁ የመብት በር የሚከፈተው በዚያች ትንሽ መረጃ ነው።

ምን ብዬ ልጻፍ?

ማመልከቻ አንድ ገጽ አይሞላም። ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተብሎ ይጀመራል። ጉዳዩ «ስለተያዘ ቤተሰቤ መረጃ ስለመጠየቅ» ነው። ከዚያ የታሳሪው ሙሉ ስም፣ ታየ ወይም ተያዘ የተባለበት ቦታና ሰዓት፣ የእናንተ ዝምድናና ስልክ። ቀጥሎ አምስት ጥያቄ፦

እዚህ ጣቢያ አለ ወይስ ወደ ሌላ ተዛውሯል? መቼ ቀንና ሰዓት ተያዘ? በምን ወንጀል ተጠርጥሮ ነው? የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው፣ መርማሪውስ ማን ነው? ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ፣ ካልቀረበ መቼ ይቀርባል?

በቃ። ክስ አትጻፉ፣ ስድብ አትጻፉ፣ «ንጹሕ ነው» ብላችሁ አትከራከሩ። ክርክሩ የፍርድ ቤት ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት አምስት መልስ ነው።

ዋናው ዘዴ ያለው ከመጻፉ ይልቅ አሰጣጡ ላይ ነው። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ወይም ፊርማ አስደርጉና ቀሪውን ያዙ። ቢሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለመሬት ጉዳይ እናደርገዋለን፣ ለንግድ ፈቃድ እናደርገዋለን፣ ለታሰረ ወንድም ግን እንረሳዋለን። ቀሪውን ከጣቢያው ግቢ ከወጣችሁ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ለአንድ ዘመድ ላኩት። ግቢ ውስጥ ስልክ አታውጡ፤ ለወንድማችሁ ብላችሁ ሄዳችሁ ሌላ ጭቅጭቅ አትግቡ።

«አንቀበልም» ቢባልስ? የከለከለውን ሰው ስምና ሰዓቱን ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ፤ ከተቻለ አንድ ሰው አብሯችሁ ይኑር። ከዚያ ያው ማመልከቻ ወደ ዞኑ ፖሊስ መምሪያ እና ወደ ዐቃቤ ሕግ በግልባጭ ይሄዳል። ግልባጭ የምትል ቃል በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ያላትን ጉልበት አትናቁ። አንድ ኃላፊ ደብዳቤው ሌላ ጠረጴዛ ላይም እንዳለ ሲያውቅ መልሱ ይፈጥናል።

መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ያሏችሁ ልጆች ደግሞ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። ብዙ እናቶቻችን ሐዘናቸውንም ጥያቄያቸውንም የሚያውቁት በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ሲሆን ከራፖር ጸሐፊ እጅ ይወድቃሉ፣ ራፖር ጸሐፊው ደግሞ የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ስልካችሁ ላይ አምስቱን ጥያቄ አስቀምጣችሁ ብትይዙ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ታገለግላላችሁ። በሶዶ ያላችሁ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት እንደሚሰጡ አስታውሱና ሄዳችሁ ጠይቁ።

30 ቀን ለታሰረ ሰው ብዙ ነው

«ለመሆኑ መንግሥት መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት ወይ?» ለሚል፣ አዎ አለበት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይባላል፤ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም፣ የመረጃ ክፍሉ ግን አልተነካም። ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን ያስታውቃል። መጀመሪያ ይግባኝ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው።

ይህ አዋጅ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። የወረዳ በጀት፣ የመንገድ ጨረታ፣ የማዳበሪያ ስርጭት፣ «ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተይዞ ስንቱ ተከሰሰ» የሚል ጥያቄም ሳይቀር ልትጠይቁበት ትችላላችሁ። ለታሰረ ወንድም ግን 30 ቀን ምን ያደርጋል? ሕገ መንግሥቱ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት አቅርቡ እያለ፣ የመረጃ ሕጉ በወር ንገሩ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ነው ምሳ ዕቃው የሚመላለሰው።

ሕንዶች ይህችን ቀዳዳ አይተዋታል። በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመረጃ መብት ሕግ እንደኛው 30 ቀን ይሰጣል። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት፦ የተጠየቀው መረጃ የሰውን ሕይወት ወይም ነጻነት የሚመለከት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ። ከዚያም በፊት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዲ.ኬ. ባሱ በሚባል መዝገብ ላይ ፖሊስ ሰው ሲይዝ ቀንና ሰዓት ያለበት የመያዣ ማስታወሻ እንዲጽፍ፣ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል ወይም የአካባቢው የተከበረ ሰው በምስክርነት እንዲፈርምበት፣ ታሳሪውም እንዲፈርም አዘዘ። የተያዘው ሰው የት እንዳለም በ12 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ መቆጣጠሪያ ክፍል ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አለ። ልብ በሉ፣ ያኔ እዚያ ስማርትፎን የለም። ሰሌዳና ፒን ብቻ ነው።

አፍሪካም ዝም አላለችም። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. የሉዋንዳ መመሪያዎች የሚባሉትን አጽድቋል። ሰው ሲያዝና ጣቢያ ሲቆይ ምን ምን መመዝገብ እንዳለበት ይዘረዝራሉ፤ መዝገቡም ለታሳሪው፣ ለጠበቃውና ለቤተሰቡ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ የዚህ ኮሚሽን መሠረት የሆነው ቻርተር አባል ናት።

ሁሉም ነገር አይሰጥም

አሁን በፖሊሱ ቦታ ሆነን እንይ። መርማሪ ሁሉን ነገር አደባባይ ቢያወጣ ምርመራ አይኖርም። የምስክሮች ስም፣ ገና ያልተያዘ ተጠርጣሪ፣ ሊበረበር የታሰበ ቤት፣ ይህ ሁሉ ቢወጣ ጉዳት ያደርሳል። የመረጃ ነጻነት አዋጁም ይህን ያውቃል፤ በምርመራ ላይ ያሉ ጉዳዮችንና የሦስተኛ ወገን የግል መረጃን ከመስጠት ይከለክላል። ስለዚህ «ሙሉ የምርመራ መዝገቡን ስጡኝ» ብላችሁ ብትጽፉ መከልከላችሁ አይቀርም፤ ትክክልም ነው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ግን ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጠብቋል።

ከላይ ያሉት አምስቱ ጥያቄዎች ምርመራ አያበላሹም። የት አለ፣ መቼ ተያዘ፣ ለምን፣ ቁጥሩ ስንት፣ መቼ ይቀርባል። «ምርመራ ላይ ነው» የሚል መልስ ለእነዚህ መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ላንሣ። እዚያ አንድ ካውንቲ፣ እንደኛ ዞን ወይም ወረዳ ብላችሁ አስቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕዝብ የሚመርጠው ሸሪፍ አለው፤ በብዙ ቦታ ማረፊያ ቤቱንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሊትል ኢትዮጵያ ያለችበት ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ብትሄዱ፣ የታሰረ ሰው የት እንዳለ በሸሪፉ ድረ ገጽ ስም አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። የካሊፎርኒያ የሕዝብ መዛግብት ሕግ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የተያዘው ሰው ስም፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የዋስትናው መጠን፣ አሁን ያለበት ቦታ፣ እነዚህ ለሕዝብ ክፍት ናቸው።

ግን መከፈቱም የራሱን መዘዝ አመጣ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ የሚያነሣውን ፎቶ የሚለቅሙ ድረ ገጾች ተፈጠሩ። ፎቶውን ይለጥፋሉ፤ «ይነሣልኝ» ብለህ ስትለምን ክፈል ይሉሃል። ያልተከሰሰውም፣ በነጻ የተለቀቀውም ሥራ ሲፈልግ ቀጣሪው ስሙን ጎግል ያደርግና ያንን ፎቶ ያገኛል። ካሊፎርኒያ ይህን ዓይነት ክፍያ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከለከለች። እዚያም ደላላው መጣ፤ የመጣው ግን መረጃ ስለተዘጋ አይደለም፣ ያለ ገደብ ስለተበተነ ነው።

ይህ ነገር ከኛ የራቀ አይምሰላችሁ። የተጠርጣሪ ፎቶ በፌስቡክ ተለጥፎ፣ በቴሌግራም ተዛውሮ፣ በቲክቶክ ሙዚቃ ተጨምሮበት አይተናል። ያ ሰው ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሕገ መንግሥቱ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል፤ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ልጁ የት እንዳለ ለእናቱ ያልተነገረው መረጃ፣ ፊቱን ጨምሮ ለመቶ ሺህ ተከታይ ሲነገር ምን ይባላል? ቤተሰብ ማወቅ ያለበትን ያውቅ፤ አገር ማወቅ የሌለበትን አይወቅ። እኛም ሼር ከማድረጋችን በፊት አንድ ጊዜ እናስብ።

ወረቀቱ በኋላም ይከተላል

ብዙዎቻችሁ የፖሊስ መዝገብን የምታስታውሱት ሥራ ወይም ቪዛ ስትጠየቁ ነው። «ከወንጀል ነጻ ማስረጃ» አምጡ ትባላላችሁ፤ አሻራ ትሰጣላችሁ፤ የሚሰጣችሁ ወረቀት ለሰፈር ሰዎች የማይታይ የሕይወታችሁን ገጽ ይናገራል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ የወላይታ ልጅም፣ ለስኮላርሺፕ የምታመለክተውም እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ተይዛችሁ ከተለቀቃችሁ «ተገላገልኩ» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። መዝገቡ እንዴት ተዘጋ? ያለ ክስ? በዐቃቤ ሕግ ውሳኔ? በፍርድ ቤት ብይን? የውሳኔውን ግልባጭ ያዙ። ከዓመታት በኋላ ጥያቄ ቢነሣ የምታሳዩት ይኸው ወረቀት ነው። ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰውም ዕድሜ ልኩን ተመዝግቦ እንዲኖር ሕጉ አልፈለገም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለ፤ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሠረዝለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

በትራፊክ አደጋ የተጎዳ ሰውም እንዲሁ ነው። ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው የፖሊስ ሪፖርትና ፕላን ነው። በዕርቅ ተስማምተን ጨርሰናል ብሎ ያላስመዘገበ ሰው፣ እግሩ በኋላ ሲብስበት እጁ ላይ ምንም የለም።

የተጻፈ ነገር ይቆያል

በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የልጃቸውን ሞት ያወቁት ከወረቀት ወይም ከዳኛ አይደለም። አንድ ቀን ስንቃቸው ሳይገባ ተመለሰ፤ «ከእንግዲህ አታምጡ» ተባሉ። ያ ምሳ ዕቃ መርዶ ነበር። ስንቅ እንደ መረጃ ሥርዓት ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ግን ያው መንግሥት ወረቀትም ይጽፍ ነበር። ቃለ ጉባኤ፣ ትዕዛዝ፣ የስም ዝርዝር፣ ፊርማ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ባለሥልጣኖቹን የከሰሰው ከምስክሮች ቃል ጋር በእነዚሁ በራሳቸው ሰነዶች ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ተባሉ። የገዳዩ መዝገብ የሟቹ ምስክር ሆነ። መዝገብ ጥሩ መንግሥት ሲኖር ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም፤ ይልቁንም ሳይኖር ነው ዋጋው የሚታየው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ሶዶ ላይ የሆነውን የማያስታውስ ወላይታ የለም። የዞኑ ዋና አስተዳዳሪ የነበሩትን አቶ ዳጋቶ ኩምቤን ጨምሮ አመራሮች፣ ሽማግሌዎችና አክቲቪስቶች ከተሰበሰቡበት ተያዙ፤ ተከትሎ በመጣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። የእነሱ መያዝ በሰዓታት ውስጥ ዜና ሆነ፤ ስማቸው በየሬዲዮው ተጠራ። ለታወቀ ሰው ዜናው ራሱ መዝገብ ይሆንለታል። የበዴሳውን ሞተረኛ ግን ማንም ሬዲዮ አይጠራውም። ስሙ በሕዝብ ፊት የሚኖረው ጣቢያው መዝገብ ላይ፣ ቀጥሎም እናቱ ማመልከቻ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላልኩም። በየወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ለቤተሰብ መልስ የሚሰጥ አንድ የተመደበ ሰው፣ አምስቱን ጥያቄ የያዘ የታተመ አንድ ቅጽ በአማርኛና በወላይትኛ፣ «ተቀብለናል» የሚል አንድ ማህተም። የሕዝብ ተወካዮችም የመረጃ ሕጉን ሲያሻሽሉ የሰው ነጻነት ለሚመለከት ጥያቄ 30 ቀኑን ወደ 48 ሰዓት ቢያወርዱት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ያስታርቁታል።

እስከዚያ ድረስ ስንቁ አይቅር፤ ታሳሪ ይርበዋል። ምሳ ዕቃውን በአንድ እጃችሁ ስትይዙ ግን በሌላኛው ሁለት ቅጂ ማመልከቻ ያዙ። አንዱ ላይ ሳታስፈርሙ ወደ ቤት አትመለሱ።